ሲጥ ትላለች

«አምስት ዙር!» አለ ኦርጅናል፣ አምስት ጣቱን ዘርግቶ እያሳየ። «ሰፈሩን አምስት ጊዜ አዞሩኝ እኮ! ‹መኪናዬ ሲጥ ትላለች፤ ሰማህ?› ይሉኛል። ‹ኧረ አልሰማሁም አባባ።› ‹አሁንስ?› ‹ምንም የለም አባባ!› ደግሞ ‹ቀበቶህን እሰር› ይሉኛል፤ ለሰፈር ዙር! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ!»

ለቀስተኞቹ ፈገግ አሉ። ሐዘን ቤት ነውና ድምፅ አውጥቶ የሳቀ የለም፤ ትከሻቸው ግን ተነቃነቀ። የሟቹ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ የሻይ ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ደሟ ፈላ። ተረቱ እንኳ የሚተረተው ሰው የራሱን ወሬ መጨረሻ ላይ ይሰማል ለማለት ነው። ይሄ ሰውዬ ግን ተረቱንም እንደሚሸጠው ዕቃ በማይሆንበት ቦታ ገጠመው።

ኦርጅናል መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ መለዋወጫም ይሸጣል። ካርቶኑ ላይ የታተመው ስም ሦስት ቦታ ፊደል ቢስት እንኳ «ኦርጅናል ነው» ሳይል ዕቃ ስለማይሸጥ፣ እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ይሄው ቀርቷል።

አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሁለት ቀን! እና ሰውዬው በአባቷ ግቢ፣ በአባቷ ወንበር ላይ ተቀምጦ በአባቷ ጆሮ ይቀልዳል። ይባስ ብሎ ታላቅ ወንድሟ፣ የሐዘኑ አዛዥ፣ እንባ የሚባል ሳያወጣ ድንኳን ያስተከለው፣ መኪና ያስቆመው፣ ሰው ያስተናገደው ወንድሟ፣ ራሱን እየነቀነቀ ፈገግ አለ።

«አይ እናንተ!» አለች አክስቷ ከጥግ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «መኪና መሰላችሁ የሰማው? ሞት ነው ሲጠራው የነበረው። ሲጥ፣ ሲጥ እያለ... ወንድሜን!»

ለቀስተኛው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። እንግዲህ አባቷ ከሁለት አንዱ ሆነላቸው፤ ወይ ያበደ፣ ወይ ነቢይ። ልክ ነበር ያለ አንድ ሰው የለም።

ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከሚገባው በላይ ጮኸ።

አባቷ ሠላሳ አምስት ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቷል፤ አንድ ሰው ሳይገጭ፣ አንድ መስታወት ሳይሰብር። ከኋላ ወንበር ሥር ሳንቲም ብትወድቅ ስንት ሳንቲም እንደሆነች ይናገራል ይባልለት ነበር። የተጋነነ ይሁን፤ ግን እሷ በዓይኗ ያየችውም አለ። አንድ ቀን ሱቋ መጣ። ሦስት የስፌት ማሽን አንድ ላይ እየሮጠ፣ ሰው ተጠራርቶ በማይሰማበት ጫጫታ፣ እሱ ገና ደፉን ሳይሻገር «መካከለኛዋ ታማለች» አለ። ሠራተኛዋ ሳቀች። እሱ ጎንበስ ብሎ መዳፉን በማሽኗ ሆድ ላይ፣ ቀጥሎ በእግሯ፣ ቀጥሎ ከታች በክሩ መያዣ ላይ አሳረፈ። ጫጫታው ቀነሰ። አንዲት ብሎን ላልታ ነበር።

«የሚጮህ ነገር በጆሮ ብቻ አይገኝም፣ መርፌዬ» አላት፤ መርፌዬ ነበር የሚላት። «እጅሽን ጫኚበት። ዝም ካለ እሱ ነው።»

ይሄ ሰው ነው እንግዲህ ጆሮው ከዳው የተባለው!

ነገሩ የጀመረው ጡረታ ወጥቶ በገዛት አሮጌ መኪና ነው። «ሲጥ ትላለች» አለ አንድ ቀን። ኦርጅናል ጋ ወሰዳት። ኦርጅናል «አባባ እርስዎ አርፈው ይቀመጡ፣ እኔ ልንዳ» ብሎ መሪውን ያዘ፤ ምንም አልጮኸ። ወንድሟም እንዲሁ፣ «አባዬ አንተ ቁጭ በል፤ ለሁለት ደቂቃ ነው» ብሎ ነዳ፤ ምንም። ሽማግሌው ብቻውን ሲነዳ ግን ሲጥ ትላለች። የእግር ምንጣፉን አወጣ፤ ትርፍ ጎማውን አወረደ፤ የበሮቹን ሽፋን ፈታ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን የጓንት ሣጥን አራግፎ በውስጡ የነበረውን ወረቀት በጨርቅ ጠቀለለ። ኦርጅናል በበኩሉ ኩሽኔታ ቀየረ፣ የፍሬን ሸራ ቀየረ፣ ሁሉንም ኦርጅናል። ሲጥ!

በመጨረሻ፣ የዛሬ ሦስት ወር፣ ወንድሟ ከበሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ቁልፉን አነሳ።

«አባዬ፣ የሌለ ነገር የሚሰማ ሰው መሪ አይይዝም። ነገ ሰው ብትገጭስ?»

አባቷ አልተከራከረም። ሚስማሩን አየ፣ ልጁን አየ፣ «ይሁን» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእግሩ ሄደ። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንደሚባለው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው አውቶቡስ ጠባቂ ሆነ። የሞተውም እዚያው ፌርማታ ላይ፣ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጠ ነው። ልቡ ነው አሉ ሐኪሞቹ። አብረውት የቆሙት ሰዎች ያንቀላፋ መስሏቸው ሁለት አውቶቡስ አሳልፈዋል።

እሷስ? እሷን ከሁሉ በላይ የሚበላት ይሄ ነው። «መርፌዬ፣ አንቺ እንኳ ነይና ስሚልኝ» ብሏት ነበር። «የደንብ ልብስ ትዕዛዝ አለብኝ አባዬ፤ እሑድ» አለችው። አራት እሑድ አለፈ። አምስተኛው ላይ ቁልፉ ከሚስማሩ ተነሳ፤ የምትሰማው ነገርም አልኖረም።

በሦስተኛው ቀን ለቀስተኛው በዛና ወንበር አነሰ። የወንድሟ መኪና በእንግዳ መኪና ተከቦ አይወጣም። ከኪሱ የአባታቸውን ቁልፍ አውጥቶ ሰጣት።

«በአባዬ መኪና ሄደሽ ከሰፈሩ ዕድር ወንበር አምጪ። ፍጠኚ፣ ሰው ቆሟል።»

«እሺ ወንድም ጋሼ» አለች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ከመሪው ኋላ ስትቀመጥ የአባቷ ሽታ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ማልቀስ አማራት፤ ግን ሰው ቆሟል። ቀበቶውን ጎትታ ቀጭ አደረገችው፤ አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «ቀበቶ ሳይታሰር ሞተር አይነሳም» እያለ አሳድጓት እጇ ራሱ ነው የሚያስረው። ሞተር አስነሳች። ከግቢው ወጥታ ኮረኮንቹን እንደያዘች፦

ሲጥ።

ፍሬን ያዘች። ጆሮዬ ነው ብላ እንደገና ለቀቀችው።

ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ።

«እንዴ!» አለች ብቻዋን። «እንዴ! አለ እኮ!»

ወንበሩም ለቀስተኛውም ከአእምሮዋ ወጣ። አንድ እጇን መሪው ላይ አድርጋ በሌላው ፈለገች፤ እንደተማረችው። ዳሽቦርዱን ተጫነች፤ ሲጥ። በሩን ተጫነች፤ ሲጥ። የጓንት ሣጥኑ ራቃት፤ ለመንጠራራት ብላ ቀበቶውን ፈታችና በእርምጃ ፍጥነት ነዳች። ዝም። ሣጥኑን ለቀቀችው፤ አሁንም ዝም። ኮረኮንቹን ጨርሳ ተመለሰች፤ ጸጥ ረጭ።

መኪናዋን አቆመች። ቀስ ብላ፣ ሌባ እንደሚይዝ ሰው ቀስ ብላ፣ ቀበቶውን መልሳ አሰረች። ነዳች።

ሲጥ።

መዳፏን በቀኝ ወገቧ በኩል፣ ቀበቶው በሚቆለፍበት ላይ ጫነች። ዝም አለ። አነሳች፤ ጮኸ። ጫነች፤ ዝም አለ።

ጎንበስ ብላ አየችው። በሁለቱ ወንበሮች መካከል የተገጠመው የክንድ ማሳረፊያ ነው፤ ለዚህች መኪና ያልተሠራ፣ በሁለት ጣት ሰፋ ያለ፣ ወደ ሹፌሩ ያዘነበለ። ቀበቶው ሲታሰር መቆለፊያው ተስቦ ጎኑን ይፍቃል፤ ሳይታሰር ወድቆ አይነካውም። ፕላስቲኩ ላይ በጥፍር ልክ የተፋቀ የሚያብረቀርቅ መስመር ነበር። የአባቷ ምስክር ይኸው።

ያኔ ነው ሁሉም የገባት። ቀበቶ የሚያስረው አባቷ ብቻ ነው! ኦርጅናል አያስርም። ወንድሟ ለሁለት ደቂቃ አያስርም። ሕግ ያከበረው ሰው ሰማ፣ ሕግ የጣሱት አልሰሙም፣ ያልሰሙት ተሰብስበው የሰማውን አበደ አሉት። በዚያ ላይ አክብረውት! «እርስዎ አርፈው ይቀመጡ» እያሉ መሪውን እየወሰዱበት! አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እሱ ነድቶ እነሱ ከጎኑ ቢቀመጡ ኖሮ!

ያለ ወንበር ተመለሰች።

«ወንበሩስ?» አለች አክስቷ።

«ወንበር ይቆይ። ኦርጅናል፣ ይነሱ። ወንድም ጋሼ፣ አንተም ና።»

«ምን ሆነሻል? ሰው ፊት...» አለ ወንድሟ ዝቅ ብሎ።

«ሰው ፊት አይደል የሳቃችሁበት? ተነሱ!»

እንዲህ ስትናገር የሰማት ሰው የለም፤ ኦርጅናል ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ተነሳ። እሱን መሪው ላይ አስቀመጠችው፣ እሷ ከጎኑ፣ ወንድሟ ከኋላ። ሞተሩን ሊያስነሳ ሲል እጁን ያዘችው።

«ቀበቶ።»

«ኧረ እህቴ፣ ለዚች ሰፈር...»

«ቀበቶ ይሰሩ አልኩ!»

ቀጭ። ከግቢው ወጡ። ኮረኮንቹ ላይ ሳይደርሱ ጀመረ። ሲጥ፣ ሲጥ። ኦርጅናል አንገቱን ወደ ድምፁ አዞረ።

«ሰሙ?» አለችው፣ በአባቷ አነጋገር።

«ሰማሁ።»

«አሁንስ?»

«ሰማሁ፣ እህቴ። በፈጠረሽ ሰማሁ።»

«ይፍቱት።» ፈታው፤ ዝም አለ። «ይሰሩት።» አሰረው፤ ሲጥ አለ። መካኒክ ነውና ሦስተኛ አላስፈለገውም፤ መኪናዋን ዳር ይዞ ወደ ማሳረፊያው ጎነበሰ፤ የተፋቀውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። አንገቱ ቀላ።

«ይሄን ማን ገጠመው?» አለችው።

«እኔ ነኝ።»

«ኦርጅናል ነው?»

የመለሰው ከኋላ ያለው ወንድሟ ነው።

«እኔ ነኝ የገዛሁት» አለ። «ሰባ ዓመቱን ሲደፍን። ክንዱን ያሳርፍበት ብዬ።»

ትዝ አላት። አባቷ ይሄን ነገር ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳይ ነበር፤ «ልጄ ነው ያመጣልኝ» እያለ። በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል። መኪናዋን ከጎማ እስከ ጣሪያ ሲፈታት ይሄን ብቻ አልነካም። ልጁ የሰጠው ነገር ሊያስጮህ ይችላል ብሎ አልጠረጠረም።

ይሄን ለወንድሟ ነገረችው፤ እያንዳንዱን ቃል እየቆረጠች። ለማሳዘን ብላ አይደለም፤ ተናዳ ነው። ሲያልቅባት ግን ድምፅዋ ተሰበረ።

«እኔንም ለምኖኝ ነበር። ነይና ስሚልኝ ብሎኝ ነበር። አራት እሑድ!»

ኦርጅናል ሞተሩን አጠፋ።

«አሁኑኑ ነቅዬ ልጣለው» አለ።

«አይነካም» አለች። «መጀመሪያ ገብተው ይንገሯቸው። እንደ ትናንቱ፣ ጮክ ብለው።»

ነገራቸው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግቢው መሃል ቆቡን አውልቆ ቆመና ነገራቸው። «አባባ ልክ ነበሩ» አለ። «ጩኸቱ አለ። ቀበቶ ሲታሰር ነው የሚጮኸው፤ እኔ ደግሞ አላስርም። ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ባዳው የኔ ጆሮ ነው።»

የሳቀ አልነበረም። አንዲት አሮጊት «ነፍሱን ይማረው፣ ጠንቃቃ ነበር» አለች። አክስቷ ቅር እንዳላት «እንግዲያ ሞት አልነበረም የጠራው?» ብላ ጠየቀች።

«አይደለም አክስቴ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «የቀበቶ መቆለፊያ ነው።»

ዞር ስትል ወንድሟ ከሰው መሃል የለም። ቤት ገብታ ፈለገችው። በሩ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ቆሟል። የአባታቸውን ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ሰቅሎታል፤ ቁልፉ ገና ይወዛወዛል። ከቀብር ወዲህ እንባ ያልወጣው ሰው፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ ከጉሮሮው ቀጭን የሆነ፣ እንደ ልጅ ያለ ድምፅ ይወጣዋል።

የምትለው ብዙ ነበራት። ከፌርማታው ጀምራ ልትነግረው አፏ ላይ መጥቶ ነበር። መዳፏን በሁለቱ ትከሻው መካከል ጫነችበት።

ዝም አላለም። እሷም እጇን አላነሳችም።