የማትስል ልጅ

«ጋሽ ኸሊፋ፣ ሳሉ ከጀመረዎት ቆየ?» አለች ሲስተር ህይወት፣ ለቀስተኞቹ እንዳይሰሟት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ዩስራን ሆስፒታል ያስታመመቻት ነርስ ናት። ከቦንጋ ሺሺንዳ ድረስ የመጣችው ግን ለለቅሶ ብቻ አልነበረም።

«ብርድ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ክረምቱ ሲገባ ነው የጀመረኝ።»

«አሁንኮ ጥቅምት ነው።»

ከገጠር የመጣች አንዲት ማር ሻጭ መሃላቸው ገብታ የሽማግሌውን እጅ ያዘች። እያለቀሰች በካፊኖኖ ብዙ ነገረቻቸው። ኸሊፋ እዚህ ሱቅ ከፍተው ቢያረጁም ቋንቋው አይገባቸውም። አፋቸው የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ዩስራ ነበረች። ከሰፈር ልጆች ለምዳ ታስተረጉምላቸው ነበር። «አባባ፣ ማሩ ውሃ አልነካውም ትላለች፤ ውሸቷን ነው» ትላቸዋለች በጆሯቸው። ሴትየዋ ስትጨርስ ኸሊፋ ከልማድ ወደ ቀኛቸው ዞሩ።

ማንም አልነበረም።

ዩስራ አንገቷ ላይ እብጠት ሲወጣ አላመማትም ነበር። ክሊኒክ ወሰዷት። የማትስል ልጅ ናትና ቲቢን ያሰበ የለም፤ ሽሮፕ ሰጥተው መለሷት። ከዚያ ራሷን አመማት፣ አስመለሳት፣ በመጨረሻም እንቅልፍ ብቻ ሆነች። ቦንጋ ስትደርስ አንገቷ ገትሮ እናቷን፣ የኸሊፋን ልጅ ፈሪዳን፣ አታውቃትም ነበር። ሐኪሙ ከጀርባ አጥንቷ ውሃ ቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ላከ። የምርመራው መሣሪያ ሁለት ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ቲቢ ነው፣ የአንጎሏ ሽፋን ውስጥ ገብቷል። መድኃኒቱ ያን ዕለት ተጀመረ።

«እንዲህ የሚፈጥን ከሆነ ያኔ በአንገቷ ጊዜ ለምን...» ብላ ነበር ፈሪዳ። አልጨረሰችውም። ዩስራ መድኃኒቱን እየወሰደች ሞተች።

አሁን ፈሪዳ የቡና ስኒ ልትሰበስብ ጎንበስ እንዳለች ነርሷን ጠየቀቻት።

«ልጄን ከየት ያዛት?»

ህይወት ከጎኗ ቁጢጥ አለች። «ልጆችን ብዙ ጊዜ የሚይዛቸው አብሯቸው ከሚኖር፣ ከሚስል ትልቅ ሰው ነው። ማንም አውቆ አያደርገውም፣ እህቴ። ግን ነገ ሁላችሁም ኑና ተመርመሩ። ታናሽ ወንድሟን ሚንሃጅንም አምጪው፤ ትንሽ ስለሆነ ለሱ ያሰጋል።»

ፈሪዳ ስኒዎቹን ሰበሰበች። ወደ አባቷ አላየችም። አለማየቷን ኸሊፋ አዩ።

የዩስራ አባት ከሞተ ወዲህ ልጅቷ የምትተኛው አያቷ ክንድ ላይ፣ ፊቷን ወደ ፊታቸው አድርጋ ነበር። ሳሉ ሲያጣድፋቸው ትነቃና በትንሽ እጇ ጀርባቸውን ትመታላቸዋለች። «ወጣልህ አባባ?» ትላለች። «ወጣልኝ» ይሏታል። ተመልሳ ደረታቸው ላይ ትተኛለች።

ሚንሃጅ በለቀስተኞቹ ጉልበት መሃል እየተሽሎከለከ መጣ። አያቱ ፊት ሲደርስ እንዲያቅፉት ሁለት እጆቹን ዘረጋ። የኸሊፋ ክንዶች ተነሡ። ከዚያ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩ፤ በመዳፋቸውም ደረቱን ቀስ አድርገው ገፉት።

ልጁ ጨዋታ መሰለው። እየሳቀ ተመልሶ መጣ።

እንደገና ገፉት።