ቦሪ በአማቴ ቦታ

ከገበያ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ የቤቱ ወበቅ ፊቴን መታኝ። ልቤ ወዲያው ወደ ቦሪ ሮጠ። ቦሪ የልጄ የዳሶም ጥንቸል ናት። ጎጆዋ ባዶ ነበር።

"እማማ፣ ቦሪ የታለች?"

"ምን ያስጮህሻል? እኔ ጋ ናት" አሉ አማቴ ከመኝታ ቤት። ከገጠር ሊጠይቁን የመጡት ትናንት ነው። "ውጭ በረዶ እየጣለ ምስኪኗን መስኮት ሥር ጥለሻታል። ጨካኝ! ከወለሉ ሥር ያለውን ማሞቂያ ጨመርኩና ቦታዬን ለቀቅኩላት።"

የእሳቸው ቦታ ወለሉ ከሁሉ ይልቅ የሚግልበት ጥግ ነው፤ በአገራችን ልማድ ለትልቅ ሰው እንጂ ለማንም አይለቀቅም። ቦሪ እዚያ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ በጎኗ ተዘርራ፣ አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ጆሮዋ ይፋጃል።

"ሞተች! አለቀላት!"

"አታሟርቺ! ትተነፍስ የለም እንዴ?"

የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ደወልኩ።

"በረዶ ውሃ እንዳትነክሯት፣ ትደነግጣለች" አለችኝ። "ጆሮዋን ለብ ባለ ውሃ አርጥቡ። ቀዝቃዛ ወለል ላይ አስተኟት። በግድ አታጠጧት። ከዚያ ቶሎ አምጧት።"

ታክሲ ጠራሁ። በረዶው መንገዱን ዘግቶት ይዘገያል አሉኝ። ቦሪን በሩ ሥር፣ ጫማ የምናወልቅበት፣ ማሞቂያው የማይደርሰው ሸክላ ወለል ላይ አስተኛኋት። አማቴ አጠገቧ ተንበርክከው ጆሮዋን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱ ጀመር።

"እማማ፣ ጉልበትዎ! ወለሉ በረዶ ነው።"

"ጉልበቴን ተዪውና ጨርቁን አርጥቢ።" ድምፃቸው ተሰበረ። "ፀጉር ለብሳ የተወለደችን እኔ ደግሞ ብርድ ልብስ ላልብሳት! ዳሶም ስትመጣ አያትሽ ገደለቻት በያት።"

ወዲያው በሩ ተከፈተ። ዳሶም ናት፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች።

"ምን ሆነች?"

አማቴ አንገታቸውን ደፉ። "ልጄ፣ እኔ ነኝ..."

"ሙቀት በዝቶባት ነው" አልኩ ፈጥኜ። "ጫማሽን አታውልቂ፣ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።"

ታክሲው ሲደርስ አማቴ ካፖርት ሳይደርቡ ቦሪን ታቅፈው ወጡ። መንገዱን ሙሉ እጄን ከደረቷ አላነሳሁም፤ በቆምን ቁጥር ልቧ የቆመ ይመስለኝ ነበር።

ሐኪሟ ቦሪን በአማቴ እቅፍ እንዳለች ልቧን ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። "ደርሳችሁላታል" አለች በመጨረሻ። "ዛሬ እዚሁ ትደር።"

"እርግጠኛ ነሽ?" አልኳት። ቆይቼ ደግሜ ጠየቅኳት።

"የዳሶም እናት፣ በቃ! ትተርፋለች ተባልሽ እኮ" አሉ አማቴ። እሳቸው ግን ቦሪን አልለቀቁም። ሐኪሟ ሁለት እጇን ዘርግታ ትጠብቃቸው ነበር።