ሃያ ሁለተኛው ደቂቃ

አብራሪዋ ረሳች፤ ነገሩ ይኸው ነው። አውሮፕላኗ ከድንበር ማዶ በሰላም አርፋ፣ ጎማዎቿ በድንጋይ ታግደው ቆማ ሳለ፣ ሰው ሁሉ ሐይቅ ውስጥ ወድቃለች ብሎ ሲፈልጋት አረፈደ።

ይህን ያወቀችው ሆስፒታል ውስጥ፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰዓት ልታይ ስልኳን አወጣች። ከመብረሯ በፊት ድምፁን ያጠፋችው ራሷ ነበረች። ሃያ ሰባት ያልተነሡ ጥሪዎች። ሃያ አንዱ ከአንድ ቁጥር ነው።

"ወይኔ ጉዴ!" አለች ጮክ ብላ።

አንዲት ነርስ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። "ምነው? ማን ሞተብሽ?"

"እኔ!" ብላ ወደ ግቢው ሮጠች።

ለዚያ ቁጥር ስትደውል ስልኩ አንዴ እንኳ በወጉ ሳይጠራ ተነሣ። ሁልጊዜ የሚመልስላት ጎርናና ድምፅ ግን እንደ ወትሮው "አቤት፣ ፍለጋ ክፍል" አላለም።

"ጋሼ ተረኛ፣ እኔ ነኝ" አለች።

"የት ነሽ?"

"ከተማ ውስጥ። ሆስፒታል ነኝ፣ አባቴን..."

"ተጎድታችኋል?"

"ኧረ ደህና ነን። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ አርፈናል፤ ልክ በሰዓቱ። መደወሉን ነው የረሳሁት።"

ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ራቀና ለሌላ ሰው ጮኸ፦ "ጀልባዎቹን መልሷቸው! በሕይወት አለች! አዎ፣ ሁለቱም!" ተመልሶ መጣና፣ "የአባትሽን ነገር ጨርሺ። ከዚያ ወደዚህ ብቅ በይ፤ የሚሞላ ፎርም አለ" አላት። አልተቆጣም። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ከትናንት በስቲያ የአባቷ ቀኝ ዓይን ላይ ድንገት ጥቁር መጋረጃ ወረደበት። የሠፈራቸው ሐኪም አየውና፣ "የዓይንዎ የውስጥ ሽፋን፣ ሬቲናው፣ ቦታውን ለቋል። በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሠራ ዓይንዎን ይሰናበቱት" አለው። ይህን የሚሠራ ሐኪም የሚገኘው ከሐይቁ ማዶ፣ ጎረቤት አገር ነው። ሐይቁን በመኪና መዞር ሁለት ቀን ይፈጃል፤ በአየር ግን ሃምሳ ደቂቃ ነው። እሷ የምታበራት ባለ አራት መቀመጫ አውሮፕላን የአንድ አበባ አምራች ንብረት ናት። ሰውየው ልመናዋን እንኳ ሰምቶ ሳይጨርስ፣ "ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል እንዴ? ምን ትለማመጪኛለሽ?" አላት።

አባቷ አርባ ዓመት ትራክተር ነድቷል እንጂ ከመሬት ተነሥቶ አያውቅም። ውሃው መሃል ሲደርሱ በደህናው ዓይኑ ወደ ታች እያየ፣

"ድንበሩ የቱ ጋ ነው?" አለ።

"አሁን አለፍነው።"

"ሳይጠይቁን?"

"ከትናንት ጀምረው ሲጠይቁን ነው የከረሙት፣ አባዬ። አምስት ወረቀት ሞልቻለሁ።"

ከአምስቱ አንዱ የበረራ ዕቅድ ነው፤ በስንት ሰዓት ተነሥታ በስንት ሰዓት እንደምታርፍ የሚናገር። መቆጣጠሪያ ማማ በሌለው ሜዳ ያረፈ አብራሪ ደውሎ "ደርሻለሁ" ማለት አለበት። ካልደወለ ሠላሳ ደቂቃ ይጠበቅና ፍለጋ ይጀመራል። ሁለት ዓመት ሙሉ አበባ ጭና ስትመላለስ፣ ሞተር ባጠፋች በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሳትደውል ቀርታ አታውቅም። የሚያነሣው ሁልጊዜ ያው ድምፅ ነው። መልኩን አይታ አታውቅም፤ "ጋሼ ተረኛ" ያለችውም ራሷ ናት።

ዛሬም ስልኩን አውጥታ ቁጥሩን ልትነካ ስትል፣ አባቷ ክንፉን ተደግፎ ቆመና፣ "አሞራዬ፣ እስቲ አንድ ፎቶ አንሺኝ። ያ ወንድሜ ካላየ አያምነኝም" አላት። አነሣችው። ዓይንህን ጨፍነሃል ብላ ደገመች። እሱ ደግሞ ሆዱን አስገብቶ ሦስተኛ አስነሣት። ከዚያ የጉምሩኩ ሰው "ፓስፖርት!" አለ፣ ታክሲው ጥሩምባውን ነፋ፣ ስልኩም ኪሷ ገባ። የጉምሩኩ ሰው በበኩሉ የዕለቱን ብቸኛ አውሮፕላን ስላስተናገደ ቢሮውን ቆልፎ ወደ ግል ጉዳዩ ሄደ። ጋሼ ተረኛ ወደ ሜዳው ሲደውል ስልኩ የጮኸው ባዶ ክፍል ውስጥ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሐኪሟ ጭምብሏን እያወለቀች ወጣች። "ዓይናቸው ተርፏል" አለች። "ነገ ብትመጡ ኖሮ ይህን አልልሽም ነበር። ውስጡ የጋዝ አረፋ አስገብተናል። አረፋው እስኪጠፋ በአየር መሄድ ክልክል ነው፤ ከፍታ ላይ ያብጥና ዓይናቸውን ያጠፋዋል። አንድ ወር ያህል።"

አባቷ እንደታዘዘው በፊቱ ተደፍቶ ተኝቷል። "ስመጣ በአውሮፕላን፣ ስመለስ በአውቶቡስ!" አለ ከትራሱ ውስጥ። "እንኳን ፎቶውን አስነሣሁሽ።"

"እንኳንም" አለች። ሌላውን አልነገረችውም። ጀርባውን ዳበስ አድርጋ ወጣች።

የፍለጋው ቢሮ ወደቡ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ደጃፉ ላይ አራት ዓሣ አስጋሪዎች እርጥብ ልብሳቸውን እየጨመቁ ቆመዋል። በዕድሜ ገፋ ያለው ከእግሯ እስከ ራሷ አያት።

"አንቺ ነሽ የሰመጥሽው?"

"እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ቀናችሁን አበላሸሁባችሁ።"

"ተይ እንጂ! ባዶ መረብ ስስብ ደስ ያለኝ ከተወለድኩ ዛሬ ነው።" ሌሎቹ ሳቁ። "ለሌላ ጊዜ ግን ስትሰምጪ ዓሣ ባለበት በኩል አድርጊው።"

የአራቱንም እጅ በየተራ ጨበጠች። ሁለት ሰዓት ተኩል ውሃ ላይ የቆየ እጅ ነው፤ በረዶ ሆኗል።

ጋሼ ተረኛ ከድምፁ በጣም ያነሰ ሰው ሆኖ አገኘችው። ቀጭን፣ እጅጌ የሌለው ሹራብ የለበሰ፣ የመነጽሩን እግር በክር ያሰረ። ከወንበሩ ተነሣ።

"አባትሽስ?" አለ።

"ዓይኑ ተርፏል።"

"ተመስገን።" ተቀመጠ። "አሁን ልቆጣሽ ይገባ ነበር።"

"ይቆጡኝ፣ ጋሼ።"

"አቅም የለኝም። ነገ እቆጣሻለሁ።"

ከውስጠኛው ክፍል የቢሮው አለቃ ድምፅ መጣ፤ ስልክ ላይ ነው። "በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ! ደንቡ ሠላሳ ነው የሚለው! መሬት ላይ ለቆመች አውሮፕላን ሦስት ጀልባ!"

"ለምን ሠላሳውን አልጠበቁም?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"አንቺ በአምስት ደቂቃ የምትደውዪ ልጅ ነሽ። አሥራ አምስት ሲሆን መቀመጥ አቃተኝ። ውሃው ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፤ ለዋናተኛ እንኳ ስምንት ደቂቃ ብዙ ነው።" ፎርሙንና እስክሪብቶውን ገፋ አደረገላት። "አንቺ ሙዪ፤ እኔ ለእነዚያ ለበረዳቸው ሰዎች ሻይ ልውሰድላቸው።"

እሱ እንደወጣ፣ ለጥያቄ ተጠርቶ መጥቶ ጥግ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተቀመጠው ያ የጉምሩክ ሰው ጠጋ አለ።

"እኅቴ፣ ሞኝ አትሁኚ። 'በአራት ሰዓት ከሩብ ደውያለሁ፣ የሚያነሣ ሰው አልነበረም' ብለሽ ጻፊ። የዚህ ቢሮ ስልክ አሮጌ ነው፤ ማን እንደደወለ አይመዘግብም። 'ረሳሁ' ካልሽ ፈቃድሽን ስድስት ወር ያግዱታል፤ ባለፈው ዓመት አንዱን አግደውታል።"

"እሳቸውስ?"

"እሱማ ሽማግሌ ነው። ጡረታው ደርሷል። ከቦታው አልነበረም ይባላል፣ አለቀ።"

"አንተስ የት ነበርክ?"

ኮፍያውን አገላበጠው። "እኔማ... ደርሼ ልመለስ ብዬ ነው።"

ስድስት ወር ቀላል አይደለም። አበባው አንድ ቀን አያድርም፤ አምራቹ ቸር ሰው ቢሆንም በማግሥቱ ሌላ አብራሪ ይቀጥራል። የአብራሪው ወንበር ላይ ለመቀመጥ ሦስት ዓመት የሰው ፊት አይታለች፤ "ሴት ልጅ ብትዘፍን አይሻላትም?" ተብላለች። ሌሎች ለእሷ ያደረጉትን ግን አስታወሰች። አምራቹ ቁልፉን ሲሰጥ አላሰላም። ሽማግሌውም ስምንቱን ደቂቃ ሲሰጥ ምን እንደሚያስከፍለው ያውቅ ነበር።

"ምክንያት" ከሚለው ፊት ለፊት ጻፈች፦ "ረሳሁ። ስልክ ነበረኝ፣ ኔትወርክም ነበረ። አባቴን ፎቶ ሳነሣ ረሳሁ።" የጉምሩኩ ሰው በትከሻዋ አሻግሮ አነበበና "እንግዲህ የራስሽ ጉዳይ" አለ። እሷ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቀጠለች፦ "ተረኛው ሠላሳ ደቂቃ ስላልጠበቁ አመሰግናለሁ። በእውነት ወድቀን ቢሆን ኖሮ የምንተርፈው በስምንቱ ደቂቃ ነበር።"

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ፎርሙን የአለቃው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ከላዩ የአብራሪነት ፈቃዷን አስቀመጠች።

"ይህን ማን ጠየቀሽ?" አለ አለቃው።

"መጠየቅዎ አይቀርም ብዬ ነው።"

አነበበ። ፊቱን አኮሳተረ። "ምክንያቱ ይበቃል። ይህ ታችኛው ፎርሙ ላይ አይጻፍም። ሰርዢው።"

"ወረቀቱ የት ነው የሚቀመጠው?"

"የተረኛው ማኅደር ውስጥ ነዋ። የት ይቀመጣል ታዲያ?"

"ጡረታ እስኪወጡ?"

"ከወጣም በኋላ።"

"እንግዲያው አልሰርዝም" አለች።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች፤ በሩንም ዘጋችው።