የላዩ ብቻ

የከሰል ኩባንያው ሠራተኞች ቤቱን በብረት ገመድ ሲያስሩት ሮዛሊ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር። ገመዱን በግድግዳው ዙሪያ አዙረው፣ እንደ ጭነት መኪና ሸራ ወጠሩት። መሬቱ ሲንቀሳቀስ ቤቱን ይዞ እንዳይሰነጥቀው ብለው በመሠረቱ ዙሪያ ጥልቅ ቦይ ቆፍረዋል። ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ አበባዋን አልረገጡባትም። አንደኛው በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ሳህኖች ብታወርዳቸው እንደሚሻል መከራት። ድንቹን ትታ ሳህኖቹን አንድ በአንድ አወረደች።

ባሏ ኤሚል ሁዳክ ደጅ ቆሞ ያያቸዋል። ሰባ ዓመት አልፎታል። በምዕራብ ፔንስልቬንያ ኮረብታዎች መካከል ወዳለው ወደዚህ እርሻ የገባው ሮዛሊን ሲያገባ ነው፤ መሬቱ የአባቶቿ ነው። የሥጋ ከብት ያረባሉ። ከኮረብታው ግርጌ የሚፈልቀው ምንጭ ለቤቱም ለከብቱም በቅቶ ይተርፋል፤ ዝናብ በጠፋበት ዓመት እንኳ ጎድሎ አያውቅም።

ከሥር ያለው የድንጋይ ከሰል የእነሱ እንዳልሆነ ድሮም ያውቃሉ። የሮዛሊ ቅድመ አያት ከመቶ ዓመት በፊት ሸጦታል፤ በገንዘቡም የበግ በረት ሠራበት። በረቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ያልሸጠ ጎረቤትም የለም። ያኔ ከሰል የሚወጣው በዶማ ነበር፤ ቆፋሪው ራሱ እንዳይቀበር የከሰል ምሰሶ እየተወ ነው የሚሄደው። የዛሬው ማሽን ምሰሶ አይተውም። ከሰሉን ከዳር እስከ ዳር ጠርጎ ያልፋል፤ ከኋላው ጣሪያው ይደረመሳል፤ ላይ ያለው መሬትም ተከትሎ ይወርዳል።

ከምሳ በፊት የኩባንያው የመሬት ጉዳይ ሠራተኛ መጣ። ኪርቢ ስታውት ይባላል፤ በዕድሜ ከኤሚል ልጅ ብዙም የማይበልጥ፣ ጫማውን ሳይጠርግ ቤት የማይገባ ሰው ነው።

«አቶ ኤሚል፣ ሆቴሉ ተይዞላችኋል» አለ። «መሬቱ እስኪረጋ ድረስ እዚያ ብትቆዩ ይሻላል። ምግቡም በእኛ ነው።»

«ከብቶቹንስ ይቀበሏቸዋል?»

ኪርቢ ፈገግ ለማለት ሞከረ። ምንጩ ከጠፋ ውሃ በታንከር እንደሚያመጡ፣ ሕጉም ይህን እንደሚያዛቸው ነገረው። ኤሚል እስኪጨርስ ጠበቀውና፣

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለው። «ከሰሉ የእናንተ ነው። ይሁን፣ ተሸጧል። ላዩ ግን የእኔ ነው። ግብር የምከፍልበት እኔ ነኝ። የእኔን መሬት ቁልቁል የምታወርዱት በምን መብት ነው?»

«እዚህ አገር መሬት ሦስት ነው፣ አቶ ኤሚል። ላዩ አንድ ነው። ከሰሉ ሁለት። ሦስተኛው ድጋፉ ነው።»

«የምን ድጋፍ?»

«ላዩ ሳይወርድ ተደግፎ የመቆየት መብት። እሱም ለብቻው ይሸጣል። የባለቤትዎ ቅድመ አያት ከከሰሉ ጋር አብረው ሸጠውታል።»

ኤሚል ወደ እግሩ አጎነበሰና የቆመበትን ሣር አየ። ከዚያ ቀና አለ።

«እሱ ሰውዬ ሰማዩንስ ትቶልናል?»

ኪርቢ አልሳቀም። ኩባንያው እርሻውን ከነቤቱ ለመግዛት ዝግጁ እንደሆነ፣ ብዙ ጎረቤቶችም በዚህ መንገድ እንደሄዱ በትህትና አስረዳው። ኤሚል የሄዱትን ያውቃቸዋል። አንዱ ከተማ ገብቶ ቀኑን ሙሉ የገበያ አዳራሽ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ይውላል። እናስብበታለን ብሎ ኪርቢን ሸኘው።

አመሻሹ ላይ ልጃቸው ዌንዴል መጣ። ከኮረብታው ማዶ ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ከሰል ማውጫው ውስጥ የሚሠራው ትምህርት ቤት ከጨረሰ ጀምሮ ነው፤ አሁን ቆራጩን ማሽን የሚነዳው እሱ ነው። እርሻው ዕዳ ውስጥ ሳይገባ የቆየው በእሱ ደመወዝ እንደሆነ ኤሚል ያውቃል፤ የድርቆሽ ማሰሪያ ማሽኑንም የገዛላቸው እሱ ነው። ይህ ነገር በቤቱ ውስጥ ተነስቶ አያውቅም። ዌንዴል ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

«ነገ ነው» አለ። «ነገ በእኔ ፈረቃ እዚህ ሥር እንደርሳለን። አለቃዬ ፈረቃ ቀይር ብሎኛል። እናንተ ስላላችሁበት።»

«ከቀየርክ ሌላ ሰው ይቆርጠዋል?»

«አዎ።»

«ያ ሰው ቀስ ብሎ ይቆርጥልናል?»

«ቀስ ማለት ይብሳል፣ አባባ። ማሽኑ ቤት ሥር ከቆመ መሬቱ እዚያው ላይ ነው የሚሰበረው። የሚሻለው ሳይቆሙ ማለፍ ነው።»

ኤሚል ጠረጴዛውን በመዳፉ ደጋግሞ አበሰው፤ ምንም አልነበረበትም።

«እንግዲያው አንተ እለፍ» አለ። «ሳትቆም እለፍ።»

ሮዛሊ ተነሥታ ዳቦ ቆረሰች። ከተዳረ ወዲህ ምሳውን የምትቋጥርለት ሚስቱ መሆኗን ረስታ ሳይሆን፣ አውቃ ነው፤ የነገውን ምሳ እሷ ቋጠረችለት።

በማግስቱ ሆቴል አልሄዱም። ወጥ ቤት ውስጥ ተቀመጡ። መጀመሪያ የተከፈተው የጓዳው በር ነው፤ ማንም ሳይነካው በቀስታ ወደ ውስጥ ዞረ። ከዚያ ግድግዳው ውስጥ ምስማሮች መነቀል ጀመሩ፤ እያንዳንዱ ሲነቀል በቆሎ እንደሚፈነዳ ይጮኻል። ውጭ የብረት ገመዱ ያቃስታል። ኤሚል የወለሉ አንድ ጎን ሲሰምጥ በተረከዙ ተሰማው። ሮዛሊ ክንዱን ያዘችው፤ እግራቸው ሥር፣ ከብዙ ድንጋይ በታች፣ ልጃቸው እንዳለ ሁለቱም እያሰቡ ነበር።

ቤቱ አልፈረሰም። ከእርሻው በታች ወዳለው ወንዝ በኩል አዘንብሎ ቆመ። ሮዛሊ እፎይ ብላ ማንቆርቆሪያውን ልትሞላ ቧንቧውን ስትከፍት፣ ቧንቧው ሳል ሳለ፤ ጭቃ ተፋ፤ ከዚያ አየር ብቻ።

ኤሚል ወደ ምንጩ ወረደ። ከኮረብታው አናት ጀምሮ አንድ ጥጃ የሚውጥ ስንጥቅ መሬቱን ከፍሎታል። ምንጩ በነበረበት ጉድጓድ እርጥብ ጠጠር ብቻ ቀርቷል። ጎንበስ ብሎ እጁን ጠጠሩ ውስጥ ሰደደ። እስከ ክርኑ ገባ፤ ውሃ የለም። ከብቶቹ ከኋላው መጥተው ተሰልፈው ቆሙ፤ ውሃውን እሱ የደበቀባቸው ይመስል ያዩት ነበር።

ኪርቢ ቃሉን ጠበቀ፤ ታንከሩ መጣ። ውሃው የመድኃኒት ሽታ አለው። ከብቶቹ አሽትተው ተመለሱ፤ በኋላ ሲጠማቸው ጥቂት ጠጡ። ክረምቱ ሲገባ የታንከሩ ውሃ በረዶ እንደሚሆን ኤሚል አላጣውም። ሳምንቱ ሳያልቅ ከብቶቹን እንዲሸጥለት ለጨረታ ቤቱ ደወለ። የከብት መኪኖቹ ሲመጡ ከብቶቹን ራሱ እየነዳ አስገባቸው፤ የመጨረሻዋ ላም አልገባም ብላ ስታስቸግር ሾፌሩ ዱላ አነሣ። ኤሚል ዱላውን ቀማውና ግንባሯን እያሻሸ መኪናው ላይ አስወጣት።

መኪኖቹ ከሄዱ በኋላ ዌንዴል ከፈረቃው ወጥቶ በቀጥታ መጣ። የዓይኑ ዙሪያ በከሰል ጠቁሯል። የበሩ ደፍ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም።

«አልቆምኩም፣ አባባ» አለ። «ሞተሩ ሲግል እንኳ አላቆምኩም።»

«አውቃለሁ። ቤቱ የቆመው ለዚያ ነው።»

«ሽጡላቸው በቃ። ሽጡና እኛ ጋ ኑ። ልጆቹም ደስ ይላቸዋል።»

ሮዛሊ ከምድጃው አጠገብ ሆና ልጇን ትክ ብላ አየችው።

«የእናንተ ቤት ሥር መቼ ነው የምትደርሱት?»

ዌንዴል ኮፍያውን በእጁ አዞረ፣ አዞረ።

«በሚቀጥለው ዓመት» አለ።

ገብቶ አብሯቸው በላ። ሹካዎቹ ከጠረጴዛው እየተንሸራተቱ ስላስቸገሩ ሮዛሊ ፎጣ አነጠፈችበት። ሲሄድ አባቱ እስከ መኪናው ሸኘው፤ ስለ ጎማው አወሩ።

ጀምበር ስትጠልቅ ኤሚል ደክሞት መኝታ ቤት ገባ። ሮዛሊ ልብስ እያጠፈች፣ ኪርቢ ነገ ለመልሱ እንደሚመጣ አስታወሰችው፤ ምን እንደሚለውም ጠየቀችው። ጫማውን አወለቀ። ጋደም ሲል ራስጌው ዝቅ፣ ግርጌው ከፍ ብሎ ስለነበር ደሙ ወደ ፊቱ ወረደ፤ ጆሮው ውስጥ ሲመታ ይሰማዋል። ትንሽ ታገሠ። ከዚያ ተነሣ። ሁለቱን ትራሶች፣ የራሱንም የእሷንም፣ አንሥቶ ወደ ግርጌ አዞራቸው። ከዚያ በኩል ሲተኙ መስኮቱ ከኋላ ይቀራል፤ ከብት የሌለበት ግጦሽ አይታይም።

ሮዛሊ ያጠፈችውን ልብስ አስቀመጠች። መጥታ ብርድ ልብሱን በአንድ ጫፍ ያዘች፤ እሱም በሌላው ያዘና አዞሩት።