ኮርቲሶል አውራጁ ክኒን

የሙሽራ ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ «መርፌ» ነበር የሚላት። ቀጠን ያለች፣ ቀልጣፋ፣ ቁጭ ማለት የማታውቅ ሴት ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ግን እንቅልፍ እንቢ አላት፤ ልቧ ያለምክንያት ድም ድም ይላል፤ ጉልበቷን ይቆረጥማታል። ይሄኔ ነው የኮስሞቲክስ ሱቅ ያላት ታናሽ እህቷ አንድ ብልቃጥ ይዛላት የመጣችው።

«እታለም፣ ይሄ ሁሉ ኮርቲሶል ነው» አለቻት። «የጭንቀት ሆርሞን። ቪዲዮው ላይ ያየኋቸው ምልክቶች አንድ ሳይቀር አንቺ ላይ አሉ። ክኒኑ ከቅጠላ ቅጠል የተሠራ ነው፤ ቢጠቅም እንጂ አይጎዳም።»

«ሐኪም ቤት ብሄድስ?»

«ተሰልፈሽ ልትውዪ? መጀመሪያ ይሄን ሞክሪ።»

እውነትም ክኒኑ ተአምር ሠራ። በሳምንቱ የጉልበቷ ሕመም ብን ብሎ ጠፋ፤ ስትሰፋ ብትውል አይደክማት፤ የተዘጋው የምግብ ፍላጎቷ ተከፈተ። እህቷም «በእህቴ ያየሁት ነው» እያለች ለደንበኞቿ ትቸበችበው ጀመር።

እየዋለ እያደረ ግን የመርፌ ፊት ድቡልቡል አለ። ሜትሯን ወገቧ ላይ ስታዞር ቁጥሩ በየወሩ ይጨምራል፤ ክንዷና ጭኗ ግን ይሟሽሻሉ። ሆዷ ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰንበር ወጣ፤ የጠረጴዛ ጠርዝ ነካ ባደረጋት ቁጥር ቆዳዋ ይበልዛል።

«ኮርቲሶሉ እልኸኛ ሆኖ ነው» አለች እህቷ። «ሁለት ሁለት አድርጊው።»

አደረገችው።

አንድ ቀን ጠዋት ለአንዲት ነርስ የሰፋችውን የሙሽራ ቀሚስ ጫፍ በስፒል ልትይዝ ተንበረከከች። ጨርሳ ልትነሳ ስትል ጭኖቿ ከዷት።

«እኔን!» ብላ ሙሽራዋ ብብቷን ይዛ አነሳቻት። ፊቷንም፣ የበለዘ ክንዷንም ትክ ብላ አየች። «እትዬ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ መድኃኒትስ አልወስድም። ይቺን የቅጠል ክኒን ብቻ ነው።»

ነርሷ ቀሚሱን እንደለበሰች ብልቃጡን አገላብጣ አነበበች። «ይሄን ይዘው ነገውኑ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ይምጡ። እስከዚያ ግን እንዳያቋርጡት።»

ደሟ ተመረመረ፤ ክኒኑም ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ የደረሰ ቀን ሁለቱ እህትማማቾች ሐኪሟ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ኮርቲሶልዎ ከፍ አላለም» አለች ሐኪሟ። «እንዲያውም የለም ማለት ይቻላል።»

«ታዲያ ይሄ ፊቴ?»

«ክኒኑ ውስጥ ስቴሮይድ ተገኝቷል። ብልቃጡ ላይ ያልተጻፈ፣ ሥራው ልክ እንደ ኮርቲሶል የሆነ ኃይለኛ መድኃኒት። ሕመምዎን ያጠፋውም፣ ያሳበጠዎትም እሱ ነው። ከውጭ ሲሞላለት ሰውነትዎ የራሱን ማምረት ተወ።»

መርፌ ብልቃጡን ከቦርሳዋ አወጣች። አወርደዋለሁ ብላ ስትውጥ የከረመችው ራሱኑ ነው! በገዛ እጇ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በውሃ! ቁጣዋ ገነፈለና ብልቃጡን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ልትወረውር ስትል ሐኪሟ እጇን ያዘቻት።

«በአንዴ ማቆም ሊገድልዎ ይችላል። መጠኑ የታወቀ መድኃኒት እንሰጥዎትና በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ እንቀንሰዋለን።»

«ዳቦ ጋጋሪዋ!» ብላ እህቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «እሷም ከእኔ ነው የገዛችው። ትናንት ደውላልኝ ነበር። ‹ፊቴን ስላሳበጠኝ ከተውኩት ሦስት ቀኔ ነው፤ ያስመልሰኛል፤ መቆም አቃተኝ› አለችኝ። እኔ ደግሞ... ጉንፋን ነው ብያት!»

እዚያው ደወለች። ስልኩን ያነሳችው የጋጋሪዋ ልጅ ናት።

«እማዬ አልነሳ አለችኝ። ብጠራት ብጠራት አትመልስም።»

ሐኪሟ ስልኩን ከእጇ ነጥቃ አድራሻ ጠየቀች፤ አምቡላንስ ላከች። ጋጋሪዋ በደም ሥሯ መድኃኒት ተሰጥቷት ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገለጠች። «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ አናገኛትም ነበር» አለች ሐኪሟ።

ሁለቱ እህትማማቾች ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ክኒኑን ለገዛው ሁሉ ይደውሉ ያዙ። «በራስሽ እንዳታቆሚው፤ ግን አሁኑኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።» ገሚሱ ሰደባቸው፤ ገሚሱ ጆሯቸው ላይ ዘጋ። እህቷ ስቅስቅ ብላ ማልቀስ ስትጀምር መርፌ አላባበለቻትም።

«በኋላ ታለቅሻለሽ። ቀጥሎ ላለችው ደውዪላት።»

መርፌ ከስቴሮይዱ ለመላቀቅ አሥራ አንድ ወር ፈጀባት። በየቀጠሮዋ ቀን እህቷ አብራት ትሄድ ነበር፤ የሐኪሟን ፊት ማየት ስላፈረች ግን ክፍሉ ውስጥ ደግማ አልገባችም።