የእማማ ዘይነባ አማና

«ቀስ ብለህ አውጣው!» አሉ አቶ ኪዳነወልድ። አባይነህ የመስታወቱን ቁም ሳጥን ከፍቶ፣ ጣውላ ላይ የተመታውን ሰፌድ ከነጣውላው አወጣና ለእንግዳው አቀበለ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሹም ሰፌዱን እንደ ከበሮ በጣታቸው መታ መታ አድርገው ሳቁ። ይዘውት ፎቶግራፍ ተነሡ። ከዚያ የምሳ ነገር ተነሣና ሰፌዱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ሐረር ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ ያለችው ይህች ባለ ሁለት ክፍል ቤተ መዘክር በሯ ላይ «ለሕዝብ ክፍት ነው» የሚል ማስታወቂያ አላት። የጻፈው ዕቃ ጠባቂው አባይነህ ነው፤ ውሸት መሆኑንም ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በሩ የሚከፈተው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ለከተማው ሰው ይከፈት ብሎ ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቷል። ኃላፊው አቶ ኪዳነወልድ ሁለቱንም ጊዜ «ሕዝቡ እጁን አይሰበስብም» ብለው መለሱለት። እጃቸውን የማይሰበስቡት እነማን እንደሆኑ ዛሬም በዓይኑ አየ።

እንግዶቹ ሲወጡ ደጃፉ ላይ አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው ቆመዋል። እማማ ዘይነባ ናቸው፤ ሰፌዱ ከእሳቸው ቤት ነው የመጣው። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናቸው።

«ጌታው፣ ሰፌዴን ልዳስስ ነው የመጣሁት» አሉ። «ዓይኔ ሄዷል። ይቺ ፋጡማ ከረመዳን በፊት ልትዳር ነው። ያለ እናቶቿ ሰፌድ የሙሽራ ግድግዳ ባዶ ነው። የእናቴን ጥለት በጣቴ ቆጥሬ ላሳያትና ትስፋው፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የለም።»

«በመስታወቱ በኩል ትየው፣ እማማ» አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

«በማየት ብቻ አይያዝም። እኔም ከእናቴ የተቀበልኩት በእጄ ነው።»

«እንግዲያው ማመልከቻ አስጽፈው፣ ቴምብር ለጥፈው ያምጡ። ደግሞ አሁን የእርስዎ አይደለም፤ ሰጥተውናል። መዝገብ ላይ ሰፍሯል።»

«መች ሰጠሁ? አማና ነው ያልኩት! ይሄ ልጅ ይመስክር።»

ሁሉም ወደ አባይነህ ዞሩ። አባይነህ ጫማውን አየ።

«መዝገቡ... ስጦታ ነው የሚለው» አለ።

አቶ ኪዳነወልድ «ሰሙ?» ብለው ወደሚጠብቃቸው መኪና ቸኮሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1955 ዓ.ም.፣ አባይነህ ቤት ለቤት እየዞረ ለቤተ መዘክሩ ዕቃ ሲለምን፣ እማማ ዘይነባ ሰፌዱን ከግድግዳቸው አውርደው «አማና ነው፤ ስፈልገው እመጣለሁ» ብለው አስረከቡት። ሐረር ተወልዶ ያደገ ሰው አማና ማለት አደራ መሆኑን አያጣውም። መዝገቡ ግን ሁለት ዓምድ ብቻ ነበረው፤ ስጦታና ግዢ። ስላልተገዛ ስጦታ ብሎ ጻፈው። ያን ዕለት ማንንም የበደለ አልመሰለውም። እንዲያውም የእጅ ጽሑፉ ማማሩ ደስ ብሎት ነበር።

አሁን አፈረ። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ጠብቆ ቁልፉን አወጣ።

«ይግቡ፣ እማማ።»

«አለቃህስ?»

«ለምሳ ሄደዋል።»

«ወላሂ፣ የገዛ ዕቃዬን እንደ ሌባ ተደብቄ ልንካ?» አሉ፤ ግን ገቡ።

በርጩማ ላይ አስቀምጦ ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አኖረላቸው። «ቢስሚላህ» ብለው መዳፋቸውን ጠርዙ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ፈካ። «አክርማው አልሻገተም፤ አልሀምዱሊላህ!» የፋጡማን ጣት በጣታቸው ይዘው ወደ ውስጥ መሩት። «ከዳር አይቆጠርም፣ ልጄ። ከእምብርቱ ነው የሚነሣው። የመጀመሪያው ዙር ስንት ስፌት እንደሆነ ካላወቅሽ ሌላው ሁሉ ይጠፋሻል።»

መሃል ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እንደገና ዳሰሱ።

«ይሄ ምንድን ነው? ብረት ነው እንዴ?»

«ሚስማር ነው፣ እማማ። ጣውላው ላይ እንዲጸና ተብሎ...»

«ማነው የመታው?»

«እኔ ነኝ።»

ጉጠት አምጥቶ ነቀለው። ትልቅ ሚስማር ነበር። የተበጣጠሰ አክርማና የደቀቀ ስንደዶ ተከትሎት ረገፈ፤ እምብርቱ በነበረበት ቦታ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረ። እማማ ዘይነባ የቀዳዳውን ዙሪያ እየዳሰሱ ለመቁጠር ሞከሩ። «ሰባት... አይ። ዘጠኝ...»

«አያቴ፣ ከዳር ወደ ውስጥ ብንቆጥርስ?» አለች ፋጡማ።

«የመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች የሉም። እነሱን ደግሞ ከረሳኋቸው ቆየሁ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «እዚህ አለልኝ ብዬ ነው የረሳሁት።»

አባይነህ ጉጠቱን አስቀመጠ። «ይውሰዱት፣ እማማ። የሚመጣውን እኔ እቀበላለሁ።»

«መነሻ የሌለውን ወስጄ ምን ላድርገው? እዚሁ ይሰቀል። ሚስማሩንም መልሰህ ምታው፤ ቀዳዳው እንደሆነ ተዘጋጅቷል።»

ይህን ብለው በፋጡማ ክንድ ተደግፈው ወጡ። ልጅቷ በሩ ላይ አንድ ጊዜ ዞራ አየችው።

አባይነህ መዝገቡን አውጥቶ ገለጠ። በዚያው በሚያምረው ጽሑፉ «ሰፌድ፣ አንድ። ስጦታ። ይዞታው፦ ደህና» ይላል። ስጦታ የሚለውን ሰርዞ ከላዩ አማና ብሎ ጻፈ። ደህና የሚለውንም ሰረዘው። መዝገቡ ለእንግዳ የሚታይ ነው፤ አቶ ኪዳነወልድ ሲገልጡት እንደሚያዩት፣ ከዚያ በኋላም ይህ ወንበር የሌላ ሰው እንደሚሆን ያውቃል። ሚስቱ በለጡ ምን እንደምትለው አሰበ። ብዕሩን እንደገና ቀለም ውስጥ ነከረና አስተያየት በሚለው ባዶ ቦታ «አደራ የበላው፦ አባይነህ» ብሎ ጽፎ ፈረመበት። ቀለሙ እንዲደርቅም መዝገቡን ከፍቶ ተወው።