የእሑዱ እንግዳና ቴሌቪዥናችን

ጋሽ ረዘነ ቴሌቪዥናችን ኢንተርኔት እንደሚያሳይ ካወቁ ወዲህ እሑድ እሑድ ከሚኖሩበት ከስኪዳም ከተማ እኛ እስካለንበት ዲመን ድረስ ይመጣሉ። ልጄ ሳያት ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር ታገናኝላቸዋለች፤ እሳቸው የአስመራን የብስክሌት ውድድር አስከፍተው ሶፋዬን ይወርሳሉ። ከዚያ በኋላ የሚያስነሳቸው የለም።

ባለፈው እሑድ መሸ፤ ሰውዬው ንቅንቅ የለም። ኩሽና ቆሜ ለሳያት በዋትሳፕ ጻፍኩላት፦ «ይሄ ሽማግሌ ቤት የለውም እንዴ? ኢንተርኔቱ ተበላሸ በዪውና ይሂድልን!»

ፊቴን አስተካክዬ ሻይ ይዤ ሳሎን ገባሁ። ጋሽ ረዘነ ካፖርታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ደስታዬን ዋጥ አደረግኩና፦

«ኧረ በማርያም! ምን አስቸኮለዎት? እራት ሳይበሉማ አይሄዱም!» አልኩ።

«ማማ፣ ቴሌቪዥኑን እዪው» አለች ሳያት።

አየሁት። መልእክቴ ከስልኳ አልፎ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ሲል፣ ሳያት ደንግጣ ልታጠፋው ስትነካካው የጻፍኩት ጭራሽ ተከፍቶ ስክሪኑን ሞልቶታል።

ጋሽ ረዘነ አንዴ ቴሌቪዥኑን፣ አንዴ እኔን አዩ። ከዚያ ካፖርታቸውን አውልቀው ተመልሰው ተቀመጡ።

«በማርያም ከተለመንኩማ እምቢ አልልም» አሉ። «ደግሞ እንደምታዪው ኢንተርኔቱ ደህና ነው።»